ምን በልታ ዋጠችው?

ሰው «ምን ስትሠሪ ኖረሽ ነው ጡረታ የወጣሽው?» ሲለኝ «ራስ ሳይ» እላለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን የምሬን ነው። መቀሌ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ የሚበዛውን ጊዜ ያሳለፍኩት የቆዳ ሕመም ክፍል ውስጥ፣ የልጆች ራስ ላይ አጎንብሼ ነው። ሥራዬ ቆረቆር ነበር። ቆረቆርን የማያውቅ ዕድለኛ ካለ ልንገረው፤ የልጅ ፀጉር በክብ በክብ እየተመለጠ፣ ቆዳው እየተቀረፈ፣ እያሳከከ፣ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው በኮፍያና በማበጠሪያ የሚጋባ በሽታ ነው። አይገድልም። ስለማይገድል ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ብቻዋን የምትቀመጠውን ልጅ ብትጠይቋት ግን ሌላ ነገር ትነግራችኋለች።

ትውልዴ ደብረ ብርሃን ነው። ከነርስ ትምህርት ቤት ስወጣ ዕጣዬ መቀሌ ወጣ። እናቴ እያለቀሰች ሸኘችኝ፤ ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ አልኳት። በሦስተኛው ዓመት የዚህ አገር አስተማሪ አገባሁና ነገሩ በዚያው አለቀ። ትግርኛዬን ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ ይስቁበታል፤ ከጉሮሮ የሚወጣው ድምፅ ለእኔ ጉሮሮ አልታዘዝ ብሎ ቀረ። ልጆቼ ሊያርሙኝ ሲነሱ «እናንተን ያሳደግኩበት ይበቃኛል» ብዬ ዝም አሰኛቸዋለሁ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ወደ ቁሓ በሚወስደው መንገድ ላይ በነበረች ትንሽ ክሊኒክ ነው። ሦስት ክፍል፣ አንድ የዛፍ ጥላ፣ አንድ አለቃ ነበራት። አለቃው ኣቦይ ኪሮስ ይባላሉ። የድሮ ድሬሰር ናቸው፤ ቁስል ከማጠብ ጀምረው በልምድና በአጫጭር ሥልጠና እዚያ የደረሱ። እኔ ደግሞ ዲፕሎማዬ ገና ቀለሙ ያልደረቀ፣ አፍንጫዬን ሰማይ የሰቀልኩ ልጅ ነበርኩ። ከአንድ ሽማግሌ ድሬሰር ምን እማራለሁ ብዬ ነበር። አይ ሞኝነት!

ኣቦይ ኪሮስ አንገታቸው ላይ በክር ያንጠለጠሉት ወረንጦ ነበራቸው፤ ሰው እሾህ የሚነቅልበት ዓይነት። ልጅ ፊታቸው ሲቀርብ ወረንጦውን በአልኮል ይጠርጉና መዳፋቸው ውስጥ ይይዙታል፣ እስኪሞቅ። ቀዝቃዛ ብረት ልጅ ያስደነግጣል ይሉ ነበር። እሱ እስኪሞቅ ባዶ እጃቸውን የተመለጠው ቦታ ላይ ያሳርፋሉ። ጓንት እያለልዎት ለምን በባዶ እጅ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ በትምህርት ቤት የተነገረኝ ሌላ ነው። «ይህን ራስ ስንት ጊዜ ነው ሰው የነካው? መጀመሪያ ልጁ ሰው እንደነካው ይወቅ። ጓንቱ ይደርሳል» አሉኝ። ከዚያ በሳሙና እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። እኔ ግን ጓንቴን አላወለቅኩም፤ ተላላፊ ነው ተብሎ የተማርኩትን ማን ያስጥለኛል?

ፀጉር አነቃቀላቸውን ግን ተማርኩ። ከተመለጠው መሃል አይነቅሉም፤ ከጠርዙ፣ ተሰብራ አጥራ ከቀረችው ነው። የታመመች ፀጉር ሳትታገል ትመጣለች። «ልጁ ካለቀሰ የነቀልሽው ጤነኛውን ነው» ይሉኝ ነበር። የነቀሉትን መስታወት ላይ አድርገው፣ ፖታሽ የሚባል ፈሳሽ ጠብ አድርገውበት፣ ከሥር ትንሽ ያሞቁትና ማይክሮስኮፑን ያስጠጉልኛል። ፀጉሩ ውስጥ እንደ ዳጉሳ ፍሬ የተጠቀጠቀውን ፈንገስ መጀመሪያ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

ቆረቆር ቅባት የማይበግረው ለዚህ ነው። በሽታው ቆዳው ላይ ብቻ አይደለም፤ ፀጉሩ ውስጥና ፀጉሩ በሚበቅልበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። የሚቀባ ነገር ላይ ላዩን ይቀራል። መድኃኒቱ በሆድ ገብቶ፣ በደም ተጉዞ፣ ከሥር ከሚበቅለው ፀጉር ጋር አብሮ መውጣት አለበት። ስለዚህ ግሪሲዮፉልቪን የሚባለውን እንክብል ለስድስት፣ ለስምንት ሳምንት እናዛለን። እናቶች የልጆቻቸውን ራስ ቅቤ ለቅልቀው ሲመጡ ኣቦይ ኪሮስ «አደይ፣ እናቴ፣ ይህን ቅቤ ከራሷ ያውርዱና በአፏ ይስጧት» ይላሉ፤ ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ቀልድ መስሎኛል።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። መድኃኒት ከመጻፋቸው በፊት፣ ለመጣው ሁሉ፣ «ሎሚ እንታይ በሊዕኪ?» ይላሉ። ዛሬ ምን በላሽ ማለታቸው ነው። መልሱንም ሳይቸኩሉ ያዳምጣሉ። እናትየው ቁርሱን፣ ምሳውን፣ የትናንቱን ትርፍራፊ ሳይቀር ስትዘረዝር እሳቸው አገጫቸውን ይዘው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ከጀርባ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። የሽማግሌ ወግ ነው ብዬ ደመደምኩ።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እኔ ከተማ ውስጥ ወዳለ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። ስለ ደሞዙ አላወራም፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ያውቀዋል፣ ያልሆነ አያምነኝም። ሰልፉ ግን ከበር እስከ ቧንቧው ይደርስ ነበር። ወረንጦዬን መዳፌ ውስጥ አሞቅ ነበር፤ ይህን አልተውኩም። «ምን በላሽ» የሚለውን ግን ጣልኩት። ለሰልፉ ሁሉ ቁርስ እየጠየቅኩ ልውል ነው?

ትርሓስ የመጣችው በዚያ ጊዜ ነው፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ራሷ ላይ ሦስት ቦታ ተመልጧል። እናቷ አደይ አብረኸት ሓድነት ሰፈር ውስጥ ልብስ የምትሰፋ፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ነበረች። ልጅቷ ነጠላዋን ከራሷ አላወርድ ብላ ተቸገርን። ትምህርት ቤት ስም አውጥተውላታል፤ ስሙን አልደግመውም። ከነቀልኩላት፣ ካየሁላት በኋላ ቀና ብላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ለዓሸንዳ ሹሩባ እሠራለሁ?» አለች።

ዓሸንዳ ለእኛ ከተማ ሴት ልጆች ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። በነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ሕፃን አዋቂው ተሠርቶ፣ ለብሶ፣ ከበሮ ይዞ የሚወጣበት በዓል ነው። ያለ ሹሩባ ዓሸንዳ ያለ ፈረስ ጉግስ ነው። ከዐቢይ ጾም እስከ ነሐሴ ስድስት ወር ገደማ አለ። አሰብኩና፣ ይበቃል አልኩ በልቤ። «ትሠሪያለሽ። እኔ እገባልሻለሁ» አልኳት። ሳቀች። የፊት ጥርሷ አንዱ ገና እየበቀለ ነበር።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ነጠላውን ሳነሣ ደነገጥኩ። ሦስቱም ቦታ ሰፍቷል፤ አናቷ ላይ ያለው ደግሞ አብጦ፣ ሲነኩት ለስለስ ብሎ፣ በየፀጉሩ ጉድጓድ መግል ቋጥሮ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ እናፍርጠው አለ። ይህን እንኳ ከኣቦይ ኪሮስ ተምሬ ነበር፤ ይህ ዓይነቱ እብጠት ብጉንጅ አይደለም፣ ምላጭ ከነካው ይብስበታል። አላስነካሁትም። ያን ቀን በትክክል የሠራሁት ይህን ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ እናትየው ዞርኩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ መድኃኒት የዋጠች ልጅ እንዲህ አትሆንም። አደይ አብረኸት ባዶውን የእንክብል ልጣጭ በሙሉ በጨርቅ ቋጥራ ይዛ መጥታለች፤ ጠረጴዛዬ ላይ ፈታችው። አንድም አልጎደለም። እኔ ግን ለማየት አልፈለግኩም። ፈልቅቆ መጣል ለማን ያቅታል? ጸበል እየወሰድሻት መድኃኒቱን ደብቀሽ ጥለሻል፣ ስንቷን አይቻለሁ፣ የገዛ ልጅሽን ራስ አበላሸሽ አልኳት። በዕድሜ እኩያዬ የሆነችውን ሴት አንቺ እያልኩ፣ ሰልፉ በተከፈተው በር እየሰማ። እሷ የመለሰችልኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ሲስተር፣ አንዲትም አላጎደልኩም» አለች። የልጇን ነጠላ አስተካክላ፣ እጇን ይዛ ወጣች። ልጣጩ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ።

በዚያው ሳምንት አልመጡም። ልጣጩን መጣል አቃተኝ፤ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር ያየኛል። መድኃኒት የሚጥል ሰው ባዶውን እንዲህ በወጉ ደርድሮ ለምን ይቋጥራል? ልቤ እያወቀ አፌ እንቢ አለ። በሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ ስወጣ ሚኒባስ ይዤ ወደ ቁሓ፣ ኣቦይ ኪሮስ ቤት ሄድኩ።

ደጃቸው ተቀምጠው፣ ጣታቸው ላይ የዘንባባ ቀለበት አስረው አገኘኋቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ስንት እንክብል እንዳዘዝኩ፣ ለስንት ቀን፣ እብጠቱን፣ የተናገርኩትንም ሳልደብቅ። አዳምጠው ሲጨርሱ፦

«ምን በልታ ዋጠችው?» አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው። ዘንባባውን ጣታቸው ላይ አዞሩት።

«ጾም ነው እኮ፣ ጓለይ፣ ልጄ» አሉ።

ከዚያ እንደ ሕፃን አስረዱኝ። ይህ መድኃኒት ቅባት ይወዳል። ወተት፣ ቅቤ፣ ቅባት ያለው ነገር ሆድ ውስጥ ሲያገኝ ወደ ደም ይገባል፤ በደረቅ ሆድ ከዋጡት ግን የሚበዛው እንደገባ ያልፋል። ቅቤውን በአፏ ስጧት ያሉት ቀልድ አልነበረም። ሰው ሁሉ ቁርሱን የሚጠየቀው ለዚህ ነበር፤ ጾም የያዘውን በሰሊጥ፣ በኦቾሎኒ እንዲውጥ ያዙ ነበር፤ እኔ ሰዓቴን ሳይ አልሰማሁም። ታዲያ ለምን ለይተው አልነገሩኝም ብዬ ተቆጣሁ፤ አያፍርም ሰው! እሳቸው አልተቆጡም። «ሁልጊዜ አጠገቤ ነበርሽ። የሰማሽ መስሎኝ» አሉ። በሕይወቴ ከዚያ የባሰ ተግሣጽ አልደረሰብኝም።

በማግስቱ፣ ሰኞ፣ የትርሓስን ቤት ሓድነት ውስጥ ጠይቄ አገኘሁ። አደይ አብረኸት የስፌት መኪናዋ ላይ እየሰፋች ነበር፤ አልተነሣችም፣ ግቢ አላለችም፣ ውጪም አላለችኝም። በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ምን እየበላች እንደዋጠችው ጠየቅኳት። የመርፌውን ድምፅ አቁማ ነገረችኝ። ስእለት ተስላለች። ልጄ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመች፣ ዘይት ሳትቀምስ፣ በደረቅ ቂጣና በንፍሮ ትጨርሳለች፤ አንተ ደግሞ ፀጉሯን መልስላት ብላ። ልጅቷም በደስታ ነበር የጾመችው፤ ለሹሩባዋ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በደረቅ ቂጣና በውሃ፣ እናቷ ፊት እንክብሏን ስትውጥ ነበር። ለፀጉሯ የጾመችው ጾም የፀጉሯን መድኃኒት ከለከለው፤ ሳልጠይቃቸው የቀረሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ራሴም ጾመኛ ሆኜ!

አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ። «አደይ አብረኸት፣ እርስዎ አንዲትም አላጎደሉም። ያጎደልኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ» አልኳት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና አየችኝ።

«ያን ቀን የተናገሩኝ ሰው ሁሉ ፊት ነው» አለች። «ይህንንም ሰው ፊት ይበሉልኝ።»

እሺ አልኩ። ሰሞነ ሕማማት ስለሆነ አልተሳሳምንም፤ በሕማማት ሰላምታ የለም። የጾሙ አንድ ሳምንት ቀርቷል፤ እብጠቱ ግን ያን ያህል አይጠብቅም። ስእለቷን አፍርሺ ልላት አልደፈርኩም። አብረን የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄድን። ሽማግሌው ቄስ ነገሩን ሰምተው፣ የተሳልሽው ዘይት ላለማስቀመስ ነው፣ ሰሊጥ ከእግዜር እጅ እንደወጣ ያለ ፍሬ ነው፣ ቆልተሽ ወቅጠሽ ስጫት፣ የታመመች ልጅ ናት፣ ዕዳው በእኔ አሏት። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ትርሓስ እንክብሏን በተወቀጠ ሰሊጥ ዋጠች። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ደግሞ ሃምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም ጾም የለም፤ በወተት፣ በቅቤ አስዋጥናት። ለዚህ መድኃኒት ከዚያ የተሻለ ወራት ከየት ይገኛል?

ከፋሲካ በኋላ ሲመጡ ቃሌን ጠበቅኩ። በሩን ከፍቼ፣ ሰልፉ እያየ፣ ይህች እናት መድኃኒቱን አንድ ሳታጎድል ሰጥታለች፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ በሐሰት ወቅሻታለሁ አልኩ። አለቃዬ በኋላ ጠርቶ የመሥሪያ ቤቱን ክብር አዋረድሽ ብሎኛል፤ በጽሑፍም ደርሶኛል፤ ወረቀቱ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። አደይ አብረኸት ግን መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ።

የሁለቱ ቦታ ፀጉር መለሰ። አናቷ ላይ ያበጠው ዳነ፤ ሲድን ግን የፀጉሩን ጉድጓድ አብሮ ዘጋው። የሃምሳ ሳንቲም የምታህል ልሙጥ ጠባሳ ቀረች፤ እዚያ ፀጉር ከእንግዲህ አይበቅልም። የመለሰውም ለዚያ ዓመት ዓሸንዳ አልደረሰም፤ የጣት አንጓ አልሞላም ነበር። ትርሓስ ያን ዓመት የከበሮውን ድምፅ ቤት ውስጥ ሆና ሰማችው። እገባልሻለሁ ያልኳት እኔ ነበርኩ። በዓመቱ ሹሩባ ተሠርታ፣ ጠባሳዋን በሹሩባው ሸፍና ወጣች አሉኝ። ይህ አንጀቴን ትንሽ ቢያርሰውም ቁስሉን አላሻረልኝም።

ከዚያ ወዲያ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ቢደርስ ምን በላሽ ሳልል የጻፍኩት መድኃኒት የለም። ቁርስ ጠያቂዋ ሲስተር ብለው ስም አወጡልኝ። መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት በጠፋባቸው ዓመታት ግን የሚጻፍም አልነበረም፤ ያኔ ማበጠሪያ አትዋዋሱ እያልኩ ራስ ከማጠብ በቀር የሠራሁት የለም። ያ አለፈ። አሁን ተርቢናፊን የሚባል አዲስ መድኃኒት አለ፤ ቂጣ ይሁን ቅቤ ግድ የለውም፤ ቀኑም አጭር ነው። ወጣቶቹ ነርሶች ቁርስ አይጠይቁም፤ አልፈርድባቸውም። አሮጌው እንክብል ግን ገና አልጠፋም፤ አንዳንዱ ቆረቆር የሚሻለው በእሱ ነው።

ጡረታ ልወጣ የመጨረሻዬ ዐቢይ ጾም ላይ አንዲት እናት ሴት ልጇን ይዛ ገባች። መርምሬ፣ አሮጌውን እንክብል ልጽፍ ስል፣ ገና ሳልጠይቃት ከቦርሳዋ ቋጠሮ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ፈታች። ተቆልቶ የተወቀጠ ሰሊጥ ነው። ማን ነገረሽ አልኳት። ሓድነት ያለችው ሹሩባ ሠሪ ናት አለች። ልጅቷን ልትሠራ ፀጉሯን ስትከፍል ቆረቆሩን አይታ፣ አልሠራም፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ውሰጃት፣ ቅባቱን በሆዷ እንጂ በራሷ አትስጫት፣ ጾም ከሆነ ሰሊጥ ያዢ ብላ የራሷን ፀጉር ገልጣ ጠባሳዋን አሳየቻት።

በሽኝቴ ዋዜማ ጠዋት ሓድነት ሄድኩ። ትንሽ ቤት ናት፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወት። ትርሓስ አታውቀኝም ብዬ ነበር፤ ገና በሩ ላይ ሳለሁ «ሲስተር» አለችኝ። ሽበቴን ለሽኝቱ እንድትሠራልኝ እንደመጣሁ ነገርኳት። እናቷ ደህና ናት፤ ስእለቴ ደርሷል ብላ ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ካገባች ቆየች አለችኝና ሳቀች። እኔም አልተከራከርኩም። ከዚያ ለዓመታት ያነቀኝን አወጣሁት፤ ያቺ ጠባሳ ዛሬም ታሳፍርሽ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ድሮ ታሳፍረኝ ነበር። አሁን እሷን እያሳየሁ ነው የማስተምረው» አለች። ትንሽ ቆይታም «አንድ ነገር ግን አለኝ። እርስዎ ሁልጊዜ በጓንት ነበር የሚነኩኝ» አለች።

አልከሰሰችኝም፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያየችውን ነው የነገረችኝ። ኣቦይ ኪሮስ ካረፉ ዓመታት ሆነዋል። ጥያቄያቸውን ተምሬ እጃቸውን ሳልማር ኖሬያለሁ። ትርሓስ ፊቴ ተንበርክካ አጎነበሰች፤ ሹሩባዋን በሁለት ጣቷ ከፈለችልኝ። ባዶ እጄን ጠባሳዋ ላይ አሳረፍኩ። ልሙጥ ነበር፣ ሞቃት ነበር።

ተነሥታ ከኋላዬ ቆመች፤ ሽበቴን ፈትታ ማበጠር ጀመረች።

«ሹሩባው ጊዜ ይወስዳል» አለች። «ቁርስዎን ምን በሉ?»

አንድ ሳላስቀር ዘረዘርኩላት።